«መጣሽ» የሚለው ወረቀት

ከወንድሜ የቀረልን አንድ የውሃ ቱቦ ነው። ግራጫ ፕላስቲክ፣ የቧንቧ ሠራተኞች መሬት ውስጥ የሚቀብሩት ወፍራሙ ዓይነት። በሁለቱም ጫፍ ክዳን አለው። ውስጡ ያለው ወረቀት ነው። መጀመሪያ ወረቀቶቹን ካርቶን ውስጥ ነበር የሚያስቀምጣቸው፣ ካርቶኑን ምስጥ ገባበት። ከዚያ እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ከሚገኝ የሕንፃ ዕቃ መደብር ቱቦውን አስቆርጦ አመጣው። «ምስጥ ፕላስቲክ አይበላም» አለኝ። እናታችን ቱቦውን ይዞ ሲገባ አይታ፣ ቤት ድረስ ውሃ ሊያስገባልን መስሏት ደስ ብሏት ነበር።

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ግን ጽሑፍ የእኔ ነገር አይደለም። ፊደል የእሱ ነበር። ስለ አንድ ወረቀት መጻፍ ፈልጌ ነው የተቀመጥኩት። ወረቀቱ ደግሞ መጀመሪያ ቱቦው ውስጥ አልነበረም። ከዚያ ልጀምር።

ወንድሜ የሱቅ ስምና የባጃጅ ጀርባ ይጽፍ ነበር። እንጀራው ያ ነበር። ልቡ ያለው ግን ሌላ ላይ ነው። የውጭ አገር ልጆች በስፕሬይ ግድግዳ ላይ የሚጽፉትን ግራፊቲ በስልኩ አይቶ፣ የእኛን ፊደል እንደዚያ ማድረግ ጀመረ። የ«መ»ን ሁለት ሆድ ይነፋዋል፣ የ«ጣ»ን እግር እስከ ወረቀቱ ጫፍ ይጎትተዋል፣ አንዱን ፊደል በሌላው ውስጥ ያሳልፈዋል። ፊደል መሆኑን ለማወቅ አንገትህን አዘንብለህ ትንሽ መቆም አለብህ። አንድ ባለባጃጅ «እንደዚያ አድርገህ ጻፍልኝ» ብሎ ካስጻፈ በኋላ በሁለተኛው ቀን ተመልሶ መጣ።

«ተሳፋሪው ሁሉ ይሄ ሽቦ ምንድን ነው ይለኛል» አለው።

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ባጃጁ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው አልኳቸው።»

እንደ እሱ የሚጽፉ ልጆች አዲስ አበባ አሉ፣ ሐዋሳ አሉ፣ ድሬዳዋም አሉ። በቴሌግራም ነው የተዋወቁት። ሥራቸውን በወፍራም ወረቀት ላይ ያትማሉ። በማሽን አይደለም፣ በእጅ ነው። ስስ መረብ በእንጨት ፍሬም ላይ ይወጥራሉ፣ ቀለሙን በጎማ መጥረጊያ በመረቡ ላይ ይስቡታል፣ ፊደሉ ከሥር ባለው ወረቀት ላይ ይወጣል። ከአንድ ሥራ ሃያ ወይም ሠላሳ ብቻ ያትማሉ። ወረቀቱ ግርጌ ላይ፣ ከሃያው ስንተኛው እንደሆነ በእርሳስ ይጽፉበታል። ከዚያ መረቡን ያጠፉታል። ሌላ እንዳይታተም ነው። ዋጋው እዚያ ላይ ነው ይለኝ ነበር፣ ሌላ አለመኖሩ ላይ።

የእሱን ሸጦ የሌላውን አይገዛም። ይለዋወጣሉ። እሱ የራሱን በአዲስ አበባ አውቶቡስ ረዳት እጅ ይልካል፣ ከዚያ ደግሞ የሌላው ልጅ ሥራ በዚያው አውቶቡስ ተጠቅልሎ ይመጣል። መናኸሪያ ሄዶ ተቀብሎ ሲመጣ ፊቱን ብታዩት። ቤት ገብቶ እጁን በሳሙና ይታጠባል፣ በፎጣ ያደርቃል፣ ከዚያ ነው ወረቀቱን የሚዘረጋው። እናታችን ለምግብ እንኳ እንደዚያ አይታጠብም ትል ነበር። አልጋው ላይ ዘርግቶት ሁለታችንም አጎንብሰን ለማንበብ እንታገላለን። ቀድሞ ያነበበ ያሸንፋል። ሁልጊዜ እሱ ነው የሚያሸንፈው።

አንድ ጊዜ «የራስህንስ ለምን አንድ አታስቀርም?» አልኩት።

«ምን ያደርግልኛል?» አለ። እጁን አሳየኝ፣ በጥፍሩ ዙሪያ ቀለም ነበረው። «እጄ እያለ?»

ባለፈው ክረምት ጨንቻ ወጥቶ ለአንድ ሸማኔ የሱቅ ስም ጽፎ ሲመለስ ሞተር ላይ ነበር። ጭጋግ ነበር። መንገዱ ረጥቦ ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዘምረውና ጸልየው ከሄዱ በኋላ፣ ወንበሮቹ ከተመለሱ በኋላ፣ እናቴ «የእጁን ሥራ አውጣልኝ» አለችኝ። «ግድግዳ ላይ ላድርገው። ሰው ሲመጣ ይሄ የእሱ ነው እላለሁ።»

ቱቦውን ከአልጋው ሥር ጎትቼ ከፈትኩ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋሁላት። እናቴ ማንበብ አትችልም፣ ቢሆንም እነዚህን የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። በጣቷ ጫፍ ነካ እያደረገች ትጠይቀኛለች።

«ይሄ የእሱ ነው?»

«አይደለም እማዬ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው።»

«ይሄስ?»

«የሐዋሳ ነው።»

«ይሄ ቀዩ?»

«ድሬዳዋ።»

ቱቦው እስኪያልቅ እንደዚያ ሆነ። ባዶውን ቱቦ ወደ መስኮቱ አድርጋ በአንድ ዓይኗ ወደ ውስጥ ተመለከተች።

«የሰው ልጅ ሁሉ አለ» አለች። «የእኔስ ልጅ የት አለ?»

ከተማው ውስጥ የጻፋቸውን የሱቅ ስሞች አሰብኩ። እነሱ ግን ተራ ጽሑፍ ናቸው፣ «ዳቦ ቤት»፣ «የወንዶች ፀጉር»። ደግሞስ የሰው ግድግዳ ነቅሎ አይመጣም። በራሱ ፊደል የጻፈባቸው ባጃጆች ተሸጠዋል ወይም ተቀብተዋል። የኤሌክትሪኩ ባጃጅ አሁን አረንጓዴ ነው አሉኝ። እኔ ግን የማስበው ሁሉንም አልነበረም፣ አንዱን ነበር። «መጣሽ» የሚለውን። እሱን አግኝቼ ላመጣላት ወሰንኩ።

ይሄን ለመናገር ስለ እናቴ አማርኛ መናገር አለብኝ።

እናቴ ከጨንቻ በላይ ነው የተወለደችው፣ አፏን የፈታችው በጋሞኛ ነው። አባታችን ከሸዋ የመጣ ሾፌር ነበር፣ በሕይወት የለም። ቤታችን ውስጥ አማርኛ ያስለመደን እሱ ነው። እናቴ አማርኛውን ከእሱና ከገበያ ለመደችው። ሁሉንም ትናገራለች፣ ሴትና ወንድ ላይ ብቻ ይምታታባታል። በጋሞኛ «አንተ»ም «አንቺ»ም ያው «ኔ» ነው፣ መለያ የለውም። ስለዚህ እሷ አፏ ላይ የመጣውን ነው የምትለው። ሲቀላ ገበያ ከላንቴ መንደር የሚመጣ ሙዝ ትሸጣለች፣ ጢም ያለውን ሰውዬ «ምን ልስጥሽ?» ትለዋለች።

«እማማ፣ እኔ እኮ ወንድ ነኝ» ይላታል።

«ብትሆኚስ? ሙዙ ያው ነው።»

ሰው ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች። ግን ወደ ቤት ስንመለስ አንዳንድ ጊዜ ዝም ትላለች። እኔ ትምህርት ቤት ስገባ አስተማርኳት። ከትምህርት ቤት መጥቼ ቦርሳዬን ሳወልቅ «መጣሽ?» ስትለኝ «መጣህ በዪ» እላታለሁ። ያዘችው። ከዚያ ወዲህ እኔን ተሳስታ አታውቅም። ወንድሜን የምትለውን ግን ማንም አላረመላትም፣ እሱም አላረማትም። ሥራ ውሎ በሩ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ፣ ጓዳ ሆና ድምፁን ሰምታ «መጣሽ?» ትለዋለች። «መጣሁ» ይላታል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ ከበሩ ጉበን የሚረዝም ሰው። በየቀኑ «መጣሽ?»፣ በየቀኑ «መጣሁ»።

ያንን ነው ያተመው።

ቲሸርት የሚያትም ጓደኛ አለው፣ ሲቀላ። የእሱን ጠረጴዛ ተውሶ እዚያ ነው የሚሠራው። ቀለሙን ቀላቅሎ ሲጨርስ የአባያ ሐይቅ ውሃ ሆነ፣ ያ ቡኒ ወደ ቀይ የሚሄደው። ሦስቱ ፊደሎች ወረቀቱን ሞልተውታል። «መ» ሰው እንደታቀፈ ክንድ ናት። «ጣ» ረጅም እግሯን ወደ ውጭ ዘርግታለች። የ«ሽ» ቆብ ደግሞ ከሌሎቹ በላይ አልፎ እንደ ጣራ ሆኗል። እኔ ወረቀት አቀብላለሁ፣ የደረቀውን ገመድ ላይ እሰቅላለሁ። ጓደኛው አንዱን አንስቶ አንገቱን አዘንብሎ አነበበ።

«መጣሽ። ማን ናት?»

«አንዷ ናት» አለ ወንድሜ።

«እንዳትደብቀኝ። የካምፓስ ናት?»

«የገበያ።»

«ልታገባት ነው?»

«አሁንም አብረን ነው የምንኖረው።»

ጓደኛው መጥረጊያውን ጣለ። እኔ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ወደ ገመዱ ዞርኩ።

ስንመለስ «ስህተት ነው እኮ» አልኩት። «አንተ ወንድ ነህ።»

«ካረምኩት የእሷ አይሆንም» አለኝ። ትንሽ ከሄድን በኋላ ቆመ። «እንዳትነግራት። ከሰማች ታርመዋለች። ለአንተ እንዳረመችው።»

ሃያ ነው ያተመው። ቁጥሩን በእርሳስ ጽፎ ሲጨርስ መረቡን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተማሪዎች ባዘጋጁት ትርኢት ላይ ሲሸጥ ለሚገዛው ሁሉ «ከዚህ ሌላ አይኖርም» ይል ነበር። ሁሉም ለሴት ልጅ የተጻፈ ነው ብሎ ነው የገዛው። ወንዶቹ ለፍቅረኛቸው ይገዙታል፣ ሴቶቹ ራሳቸውን ከጎኑ አድርገው ፎቶ ይነሳሉ። እሱ አላረማቸውም። ግማሹ እዚያ ሄደ፣ ግማሹን በልውውጥ ላከው። እቤት አንድም አልቀረም።

ቴሌግራሙ ላይ የእሱን ሞት የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ብዙ ሰው አጽናናኝ። «መጣሽ» ያለው ሰው ካለ በሌላ ልለውጠው፣ ለእናቴ ነው ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ቤት ሲቀይር እንደጠፋበት ነገረኝ። አንዱ ለውጭ ሰው ሸጬዋለሁ፣ ይቅርታ አለኝ። ሌሎቹ የሻማ ምልክት ላኩ። ሻማው በዛ።

ወደ ቲሸርት አታሚው ሄድኩ። ካየኝ ጀምሮ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«ፎቶው ስልኬ ላይ አለ» አለኝ። «ጥርት ያለ ነው። ዛሬ መረብ ወጥሬ ነገ ላትምልህ እችላለሁ። ቀለሙንም አውቀዋለሁ።»

«ቁጥሩስ?»

«ሃያ አንደኛ በልበት። ማዘር ምን ታውቃለች?»

አታውቅም። እሱ እውነቱን ነው። እናቴ የእርሳሱን ቁጥር ለይታ አታይም፣ ማንም መጥቶ አይጠይቃትም። ግን ምላጩ መረቡን ሲቀድ ያሰማው ድምፅ ትዝ አለኝ። ሌላ አይኖርም ያለው እሱ ነው። ሞተ ብዬ እኔ ቃሉን ልጠፍ? እንዲህ ብዬ ግን መናገር አልቻልኩም። «ተወው» ብቻ አልኩት። ተከትሎኝ ወጣ፣ ሴቻ ሰፈር ያለ አንድ ፔንሲዮን ውስጥ አንዱ እንደተሰቀለ ነገረኝ። ሌላ ደግሞ ካምባ ያለች ልጅ፣ ድሮ ተማሪ የነበረች፣ አሁን ወረዳ ቢሮ የምትሠራ አለች አለኝ።

ፔንሲዮኑ ቅርብ ስለነበር እዚያ ቀድሜ ሄድኩ። ወረቀቱ በወርቃማ ፍሬም ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ተሰቅሏል። ባለቤቱ ሆዳቸው ሰፋ ያለ፣ ሰው የሚወዱ ሰው ናቸው። ቱቦውን ይዤ ስገባ ሲያዩኝ «የሁለተኛው ፎቅ ሽንት ቤት ነው» አሉኝ።

«ቧንቧ ልሠራ አይደለም ጋሼ። ስለዚህ ሥዕል ነው።»

«ስለ ‹መጣሽ›? የቤቱ አዱኛ እኮ ነው። ሙሽሮች ይመጣሉ፣ ሙሽራይቱን እሱ ሥር አቁመው ነው ፎቶ የሚያነሷት።»

ከቱቦው አውጥቼ ሦስት አራት ዘረጋሁላቸው። ከእነዚህ የፈለጉትን ይውሰዱ፣ ያንን ይስጡኝ አልኳቸው። እያንዳንዱን በደንብ አዩ፣ አንዱንም አላነበቡትም።

«ይሄን ማን ያነብልኛል?» አሉ። «ያኛው ይነበባል። እንዲያውም ልጁን ስፈልገው ነበር። ለወንዶቹ ደግሞ ‹መጣህ› የሚል እንዲሠራልኝ። እዚህ ጎን እሰቅለዋለሁ፣ የወንድና የሴት። የት ነው የማገኘው?»

ነገርኳቸው። የዘረጋሁትን ወረቀት በሁለት እጃቸው ይዘው ቀሩ። ከዚያ መጠቅለል ጀመሩ፣ ቀስ ብለው፣ እንዳይታጠፍ። ምሳ ካልበላህ አትሄድም አሉኝ፣ አሳ አስጠበሱልኝ፣ ከአጠገቤ ተቀምጠው አጥንቱን ተጠንቀቅ ይሉኝ ነበር። ወረቀቱን ግን አልሰጡኝም። «አሁንማ ጭራሽ እንዴት ልስጥህ» አሉ። «የሞተ ሰው ሥራ ነው።» አልተቀየምኳቸውም። እኔም ያንኑ ነው የምለው።

ካምባ የሄድኩት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። መንገዱ ያንገጫግጫል። ቱቦውን በጉልበቶቼ መሃል አቁሜ ያዝኩት። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ጎመንና ዶሮ ይዘው «ልጄ፣ ወረዳው ውሃ ሊያስገባልን ነው?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። ማስረዳት አልቻልኩም። እስክንወርድ ድረስ መረቁኝ፣ በዚህ ብቻ ነው ያፈርኩት።

ልጅቷን ቢሯ በር ላይ ጠበቅኳት። ከእኔ ጥቂት ዓመት ብትበልጥ ነው። ሰሜን አገር ነው የተወለደችው፣ አርባ ምንጭ ተምራ ምደባዋ ካምባ ሆነ። እዚያ ዘመድ የላትም። ነገሩን መንገድ ላይ ስነግራት ቆመች። ወንድሜን ታውቀው ነበር፣ ሥራውን የገዛችበትን ቀን ታስታውሳለች። «ጌታ ያጽናህ ነው አይደል እዚህ የሚባለው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እንግዲያስ ጌታ ያጽናህ።»

የተከራየችው ክፍል ከአንድ ግቢ ጀርባ ነው። ቁልፉን አዙራ በሩን ገፋችው። «መጣሽ» ፊት ለፊት ነበር። ፍሬም የለውም፣ በፕላስቲክ ሸፍና በፕላስተር ለጥፋዋለች። ሌላው ግድግዳ ባዶ ነው። አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ቡታጋዝ። ዘጠነኛው ነበር፣ እርሳሱን ከሩቅ አወቅኩት። የእሱ ዘጠኝ ጭራዋ ይረዝማል።

«ከቢሮ ስመለስ ማንም የለም» አለች። ወንበሩን ሰጥታኝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «በሩን ስከፍት እሱ ነው የሚለኝ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። ‹መጣሁ› እለዋለሁ።»

አንገቴን ደፋሁ። እሷ ያወቀችው አይመስለኝም፣ ምን እንዳለች።

«ለማን እንደጻፈው ነግሮሽ ነበር?»

«ጠይቄዋለሁ። ‹ለምትመጣ ሁሉ› አለኝ። ፍቅረኛ አለችው ብዬ ተውኩት።»

ነገርኳት። ስለ እናቴ አማርኛ፣ ስለ ሙዙ፣ ስለ ጫማ ማውለቁ። መሃል ላይ ሳቀች፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ መሰለኝ። ከዚያ ወረቀቱን ለብዙ ጊዜ አየችው።

«ታዲያ እኔ ጋ ነው ትክክል የሆነው» አለች።

«እንዴት?»

«እኔ ሴት ነኝ። እኔን ሲለኝ ስህተት የለውም።»

እውነት ነው። ሁለተኛ ልጠይቃትም አልቻልኩም። ልሄድ ብድግ ስል እሷም ተነስታ የፕላስተሩን አንድ ጠርዝ በጥፍሯ መላጥ ጀመረች። ቀስ ብላ፣ አራቱንም ጠርዝ። ግድግዳው ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ቀረ።

«ተቀመጥና ያመጣኸውን አሳየኝ» አለች። «ባዶ ግድግዳማ አትተውልኝም።»

ወረቀቶቹን አልጋው ላይ ዘረጋኋቸው። አንገቷን ታዘነብላለች፣ ታነባለች፣ ታስቀምጣለች። ከሁሉ ወንድሜ የሚወደውን አንዱን ልደብቀው አስቤ ነበር፣ ከታች አድርጌዋለሁ። ጥቁር ነው፣ ሁለት ፊደል ብቻ። አዲስ አበባ ያለ ልጅ ነው የሠራው፣ ወንድሜ አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ለሰዓታት ያየው ነበር። አገኘችው።

«‹ቆይ› ይላል» ብላ አነበበች። «ይሄ ደግሞ ወንዱን ነው የሚለው።»

«ሌላ ምረጪ።»

«የለም። እናትህ ከለመደችው እኔም እለምደዋለሁ።»

እዚያው በዚያው ፕላስተር ለጠፈችው። ስወጣ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ለእናትህ የት እንደነበረ ንገራት» አለችኝ። «ብቻውን እንዳልነበረ።»

ቤት የደረስኩት በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ጫማዬን በሩ ላይ አወለቅኩ። ከጓዳ ድምፅ አልመጣም። ከቀብሩ ወዲህ ሰው ሲገባ አትናገርም፣ እኔም ብሆን ዝም ነው የምትለኝ። ሃላኮ፣ ሽፈራው የሚሉትን፣ እየቀነጠሰች አገኘኋት፣ ቅጠሉ ቀሚሷ ላይ ተበትኗል። «የእሱ ነው» ብዬ ወረቀቱን ስዘረጋ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ተነስታ ሄደች፣ በሳሙና ታጠበች፣ አደረቀች፣ ተመለሰች። እሱ እንደሚያደርገው። ከዚያ ነው የነካችው።

«ይሄ የእሱ እጅ ነው?»

«የእሱ ነው።»

በ«ጣ» እግር ላይ ጣቷን እስከ ጫፉ ወሰደችው። «ምን ይላል?»

መንገድ ላይ ስለሁሉም አስቤ ነበር፣ ስለዚህ ብቻ አላሰብኩም። «መጣሽ ይላል» አልኳት።

እናቴ ቀና አለች። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር በራ። እንደዚያ ሆና ካየኋት ቆይቷል።

«ሴት ናት?» አለች። «ሴት ነበረችው?»

«አይ እማዬ...»

«አትደብቂኝ። አልቆጣም። የማን ልጅ ናት? እዚሁ ከተማ ናት?» ክንዴን ያዘችኝ፣ ከጉጉቷ ብዛት እኔንም በሴት እያናገረችኝ። «ሂጂና አምጫት። ለቅሶም አልደረሰች፣ ፈርታ ነው። ምናልባት...» ምናልባት ያለችውን አልጨረሰችውም። እኔ ግን ምን እንዳሰበች ገባኝ። ልጅ ነው ያሰበችው። የእሱ ልጅ የሆነ ቦታ አለ ብላ።

እንዳትነግራት ብሎኛል። ዝም ብል ያችን የሌለች ሴት በየቀኑ ትጠብቃለች። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ታያለች። ገበያ ላይ ያለፈችውን ሁሉ ሆዷን ታያለች። እንደዚያ ሆና ላያት አልቻልኩም።

«ሴት የለችም» አልኳት። «አንቺ ነሽ። እሱ ሲገባ እንደዚህ ነበር የምትይው።»

«እኔ?»

«አዎ። ሁልጊዜ። ‹መጣሽ›።»

«መጣህ ነው እንጂ የምለው። አንተ አስተምረኸኛል።»

«እኔን ነው መጣህ የምትይኝ። እሱን መጣሽ ነበር።»

ክንዴን ለቀቀችኝ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ሳታወጣ ሁለቱንም ስትል አየኋት፣ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን።

«ይስቅብኝ ነበር?»

«አልሳቀም። ይወደው ነበር። ሃያ ጊዜ ነው ያተመው፣ አንዱን ካምባ ድረስ ሄጄ ነው ያገኘሁት። ወረቀቱ የነበራት ልጅ ብቻውን አልነበረም በላት አለችኝ።»

«ታዲያ ለምን አላረመኝም?»

«አልፈለገም።»

ከዚያ ወረቀቱን ከበሩ ፊት ለፊት እንድሰቅለው አደረገችኝ፣ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ላይ፣ እዚያ። ራቅ ብላ አየችው። የተበተነውን ቅጠል ሰብስባ ሳህን ላይ አደረገች።

«እስቲ ውጣና ግባ» አለችኝ።

«ምን?»

«ውጣና ግባ። ምን እንደምል ልስማ።»

ወጣሁ። ጫማዬን አደረግኩ። የእሱ ጫማ እስካሁን በሩ ጎን ነው ያለው፣ ማንም አላነሳውም። ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ጫማዬን እሱ እንደሚያወልቀው አድርጌ፣ ተረከዙን በሌላው እግር እየረገጥኩ፣ ድምፅ እያሰማሁ አወለቅኩ። በሩን ገፋሁት።

እናቴ ጓዳው በር ላይ ቆማለች። እኔን አይደለም የምታየው፣ ከጭንቅላቴ በላይ ነው፣ እሱ የሚደርስበት ቦታ ላይ። አፏን ከፈተች። ጠበቅኩ። ቃሉን ስትፈልገው፣ ስትመርጠው አየሁ። ከዚህ በፊት መርጣ አታውቅም ነበር።

«መጣህ?» አለች።

ትክክል ነበር።